ሌንስ ማስገቢያዋን የሠራሁ ጊዜ

ደብረ ማርቆስ በነበረች አንዲት የዓይን ክሊኒክ የተቀጠርኩት ጄኔሬተር ላይ እንድሠራ ነበር። ከዚያ በፊት እዚያው ከተማ መናኸሪያው አጠገብ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓትና ሬዲዮ እጠግን ነበር። ሰው የቆመ ሰዓቱን ከማስጠገን አዲስ የቻይና ሰዓት መግዛት ሲቀለው ሱቄን ዘጋሁ። ጊዜው እኛ ሚሌኒየም የምንለው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው።

ክሊኒኳ ትንሽ ነበረች። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ከፍቷት፣ በኋላም ማኅበሩ ሲዳከም ተዘጋች፤ ዛሬ ግቢዋ የእህል መጋዘን ነው። የእኔ ሥራ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ማስነሣት፣ የዕቃ መቀቀያውን መጠገን፣ የቀዶ ሕክምናውን ማይክሮስኮፕ አምፖል መለወጥ ነበር። የዓይን ሞራ የምትገፍፈው ለዚሁ ሥራ ብቻ በልዩ ሥልጠና የተማረች ነርስ ነበረች፤ ከጅማ በኩል የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የምታንስ ሙስሊም ሴት። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ አንድ ሐኪም ከአዲስ አበባ እየመጣ ከበድ ያሉትን ሕመምተኞች ያይ ነበር።

አንድ ቀን ሲስተር በሥራ መሀል አስጠራችኝ። አምፖሉ የተቃጠለ መስሎኝ አምፖል ይዤ ገባሁ።

«አምፖል አይደለም» አለችኝ ከጭንብሏ ሥር። «ጎንበስ ብለህ ወለሉን ፈልግልኝ። ሌንሷ ከወረንጦው ፈናጥራ ወደቀች።»

በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈለግኋት። በመጨረሻ ከጠረጴዛው እግር ሥር አገኘኋት፤ የምስር ፍሬ የምታህል ጥርት ያለች ክብ ነገር፣ ከግራና ከቀኟ ፀጉር የመሰሉ ሁለት ጥምዝ ክንዶች ያሏት። አንዴ ወለል ስለነካች ወደ ሰው ዓይን አትገባም። ለዚያ ሕመምተኛ ዓይን የሚስማማ ቁጥር ያላት ሌላ ሌንስ ደግሞ በዚያ ቀን አልነበረችም። ሰውየው ሞራው ወጥቶለት፣ ሌንስ ግን ሳይገባለት፣ የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ ወፍራም መነጽር ተሰጥቶት ሄደ።

ከሥራ በኋላ ሲስተር ወረንጦውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «አንተ ሰዓት ሠሪ ነህ» አለችኝ። «ትንሽ ነገር እንዴት እንደሚያዝ ታውቃለህ። ይኼ ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው፤ ጠበቅ ሳደርገው ሌንሷን ይቧጭራታል፣ ላላ ሳደርገው ያመልጠኛል።»

የወረንጦውን ጥርስ በቀጭን ሞረድ አስተካክዬ አለሰለስኩት። ተሻለ። እኔ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ከሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች።

«መያዙ መልካም ሆኗል። አሁን ያስቸገረኝ መልቀቁ ነው። ወረንጦው ዓይን ውስጥ ገብቶ አፉን ሲከፍት ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ደግሞ የለም። የዓይኑን የፊት ሽፋን ከውስጥ በኩል ይነካብኛል። አንዴ ከተጎዳ አይመለስም።»

በማይክሮስኮፑ ሁለተኛ ማያ በኩል እያየሁ ብዙ ቀን ቆምኩ። ሌንሷ የምትቀመጠው ከቀጭን ሽንኩርት ልጣጭ በሚሳሳ ከረጢት ውስጥ ነው። የተፈጥሮው ሌንስ የነበረበት ከረጢት ነው፤ ሞራው ከውስጡ ይወጣና አዲሷ ሌንስ በቦታው ትገባለች። በሯ ጠባብ፣ ክፍሏም ጠባብ። በዚያች ክፍል ውስጥ ሌንሷን አስቀምጦ እጅን ምንም ሳይነኩ ማውጣት ነው ሥራው።

መላው የመጣልኝ ክሊኒክ ውስጥ አይደለም። የጥምቀት ዋዜማ ባለቤቴ ቤቱን ስታሰናዳ የታጠቡትን የትራስ ልብሶች ታለብስ ነበር። ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ትራሱን ወደ ልብሱ አልገፋችውም። ክንዷን በልብሱ ውስጥ አስገብታ የትራሱን ጫፍ ያዘችና ልብሱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ለምን አትገፊውም?» አልኳት።

«ከገፋሁትማ ይጠቀለላል። ትራሱ ባለበት ይቀመጣል፣ ልብሱ ነው የሚሄደው። ምነው፣ ትራስ ሲለብስ አይተህ አታውቅም?»

አይቼ አላውቅም ነበር። ማለቴ፣ ልብ ብዬ። ተነሥቼ ከባዶ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ መሳል ጀመርኩ። ሌንሷን ይዞ ከመግባትና ከመልቀቅ ይልቅ፣ አንድ ስስ የብረት ምላስ ሌንሷን በጀርባው አዝሎ ቢገባስ? ከገባ በኋላ ሌንሷ ባለችበት ትቆያለች፣ ምላሱ ከሥሯ እየተንሸራተተ ይወጣል። የሚከፈት አፍ የለም፤ ቦታም አይፈልግም።

ሲስተር ሥዕሉን ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው። ከዚያ «ጠርዙን ትንሽ ወደ ላይ አጥፈው፤ ሌንሷ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት» አለች። ስሟንም ያወጣችላት እሷ ናት፤ «ምላስ» አለቻት፣ እንደዚያው ቀረች።

አገልግሎቱን የጨረሰ የማይዝግ ብረት ማንኪያ ነበር፤ ከቀዶ ሕክምና ዕቃዎች መሀል የተጣለ። እሱን ቀጥቅጬ አሳሳሁ፣ በሞረድ ቀረጽኩ፣ ጠርዙን አጠፍኩ፣ በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፤ በመጨረሻም የሰዓት መስታወት እንደምወለውለው በጥርስ ሳሙና ወለወልኳት። የመጀመሪያዋ ወፍራም ሆነች። ሁለተኛዋ ተሰነጠቀች። ሦስተኛዋ የጥፍር ያህል ስስ፣ ብርሃን ላይ እንደ ውሃ የምታብረቀርቅ ሆነች። አሁንም ሳስባት ቆንጆ ነበረች።

መሞከሪያችን የፍየል ዓይን ነበር፤ ከሥጋ ቤት ጭንቅላት እየወሰድን። ነገር ግን ምላሷ ስትጠናቀቅ ዐቢይ ጾም ገባ፤ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። እስከ ፋሲካ እንጠብቅ ስል ሲስተር ሳቀች። «የእኛ ሥጋ ቤት እኮ አልተዘጋም። እኔ እነግርልሃለሁ፤ አንተ ጠዋት ጠዋት ተቀበል።»

እኔም ጠዋት ጠዋት፣ በጾም፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት የፍየል ጭንቅላት አንጠልጥዬ የከተማውን ዋና መንገድ ማቋረጥ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የንስሐ አባቴ ቤቴ መጡ። ተቀምጠው፣ መስቀላቸውን አሳልመውኝ፣ ወደ ዳር ወደ ዳር ሲያዩ ቆዩና፣

«ልጄ፣ በሁዳዴ የፍየል ጭንቅላት ይዘህ ታየህ አሉኝ» አሉ።

«ለዓይኑ ነው አባቴ።»

«ዓይኑንም ትበላለህ?»

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ፣ ስለ ሌንሷም ብዙ ጠየቁኝ። ሲነሡ «ሥራውስ መልካም ሥራ ነው» አሉ፤ «ብቻ ጭንቅላቱን በዘንቢል አድርገህ ከላዩ ሸፈን አድርገው። ሁሉን ሰው ቤት እየዞርኩ ማስረዳት አልችልም።»

ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ሲመጣ ምላሷን በፍየል ዓይን ላይ ደጋግሞ ሞከራት። ወደዳት። በሰው ላይ የመጀመሪያዎቹን እሱ ባለበት እንድትሠራ ለሲስተር ፈቀደላት። ሁሉም ሰመረ። ክረምቱን ሙሉ ሲስተር በእሷ ስትሠራ እኔ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሜ እኮራ ነበር። መንገድ ላይ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር «ሌንሱን ያስገባሁለት እኔ ነኝ» የሚል ነገር ውስጤ ይመላለስ ነበር። ዛሬ ያሳፍረኛል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ከአማኑኤል ከተማ አካባቢ ገጠር አንዲት እናት መጡ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተጋርደዋል። የልጃቸው ሚስት በእጃቸው እየመራች ነው ያመጣቻቸው። በመጀመሪያ ቀኝ ዓይናቸው እንዲሠራ ተወሰነ። በዚያ ጠዋት መብራቱ አስቸጋሪ ስለነበር እኔ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ዓይናቸው ብቻ ደንዝዟል፤ እሳቸው ነቅተዋል። አልጋው ላይ የድንጋይ ያህል ጸጥ ብለው ተኝተው ነበር፤ ደረታቸው እንኳ ከፍ ዝቅ ሲል አይታይም።

ሌንሷ ገባች። ሲስተር ምላሷን መሳብ ጀመረች፤ ወዲያው እጇ ቆመ።

«ያዘ» አለች በቀስታ።

ትንሽ መለስ አድርጋ እንደገና ሳበች። በሁለተኛው ማያ በኩል የሌንሷ የኋለኛ ክንድ ከሥሩ ተቆርጦ፣ ስሱ ከረጢትም ተቀዶ አየሁ። ሲስተር የተሰበረችውን ሌንስ አወጣች፣ ዓይኑን አጠበች፣ ዘጋች። ከረጢቱ ስለተቀደደ በዚያ ቀን ሌላ ሌንስ ማስገባት አይቻልም ነበር።

«ምን ሆነ ልጄ?» አሉ ሴትዮዋ ከጨርቁ ሥር።

«አይዞዎት እማማ፣ ጨርሰናል» አለቻቸው።

ሲስተር እጇን ስትታጠብ እኔ ወደ በሩ ወጣሁ። ቁስል የሚያሽገው ሠራተኛ ለልጃቸው ሚስት ሲነግራት ሰማሁ። «ራሳቸውን አነቃንቀው ነው። ሌንሱ አልገባም። ወፍራም መነጽር ይሰጣቸዋል፤ በወሩ ይምጡ።»

አጠገቡ ቆሜ ነበር። እሳቸው እንዳልተነቃነቁ በዓይኔ አይቻለሁ። አምፖል ይዤ ቆምኩ፣ አምፖሉን አገላበጥኩ፣ ዝም አልኩ። ሠራተኛው የዋሸ አይመስለኝም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያ ስለነበር አፉ የለመደውን ተናገረ። የዋሸሁ እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል ሳላወጣ።

ሲስተርና እኔ ምላሷን በማይክሮስኮፕ መረመርናት። ምንም አይታይም። በጣቴ ዳሰስኳት፤ ለስላሳ ናት። «ምናልባት ሌንሷ ራሷ ስንጥቅ ኖሯት ይሆናል» አለች ሲስተር። እኔም ቶሎ ተቀበልኩ፤ መቀበል ስለፈለግሁ። ለጊዜው ግን በምላሷ መሥራቱን አቆመች። እኔ በፋሻ ጠቅልዬ የካፖርቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኳት፤ በየቀኑ አውጥቼ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር አያታለሁ።

ሴትዮዋ በወሩ አልመጡም። በሁለተኛውም አልመጡም።

«ለምን ይሆን?» አልኳት ሲስተርን።

«አንዴ ካልተሳካ ብዙዎቹ አይመለሱም» አለችኝ። «ተስፋ ይቆርጣሉ።»

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ወደ አማኑኤል በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከመዝገብ ላይ የቀበሌያቸውን ስም ጽፌያለሁ። ከአማኑኤል አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው። በየአውድማው ጤፍ ይወቃል፤ ገለባው እየበነነ ፀሐዩን ቢጫ አድርጎታል። መንገድ የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ «ዘመድ ነህ?» ይሉኛል። ምን እንደምመልስ አላውቅም ነበር።

ሴትዮዋ ከደጃፋቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ በዳሰሳ። መነጽሩ አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ አላደረጉትም።

«ማነው?» አሉ ኮቴዬን ሰምተው።

«ከዓይን ክሊኒኩ ነኝ እማማ።»

«ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም። መብራቱንና ዕቃውን የምጠግን ነኝ።»

እንዝርታቸውን አቆሙ። «ታዲያ መብራት እኛ ጋ የለም። ምን ልትጠግን መጣህ?»

መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «እማማ፣ ያን ቀን እርስዎ አልተነቃነቁም» አልኩ። «ሌንሷን የሰበረው ዕቃው ነው። ዕቃውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ተነቃንቀው ነው ሲባልም ሰምቻለሁ፤ ቆሜ ዝም አልኩ።»

እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የልጃቸው ሚስት ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እኔ እኮ አልተነቃነቅሁም ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው። «'ሳይታወቅዎት ይሆናል' አልሽኝ። እኔም አመንኩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ተናገርኩ። ሰው የደከመበትን አበላሸሁ፣ ለሌላ ድኻ የሚሆነውን ሌንስ ሰበርኩ ብዬ። ስግደት ሰጡኝ። በዚህ ጉልበቴ ሰገድኩ።»

መሬት መሬት አየሁ።

«ያን ቀን ምላስህ የት ነበር?» አሉኝ።

ዕቃዋን ምን ብለን እንደምንጠራት አያውቁም ነበር። ለእኔ የሚሉትን ግን በሚገባ ያውቁ ነበር። «ፈርቼ ነው» አልኩ። «ሥራዬ መጥፎ ነው እንዳይባል።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ። አዘንኩልህም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉም። ቆይተው እጃቸውን ዘረጉ። «ዕቃው የታለ? አምጣው እስቲ።»

ከኪሴ አውጥቼ ፋሻውን ፈትቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኳት። በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት፣ ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው በጠርዟ ላይ ከንፈራቸውን አሳለፉ። «ለስላሳ ነው» አሉ። ከዚያ ከሚፈትሉት ባዘቶ ቆንጠር አድርገው ጥጡን አሳሱትና በምላሷ ጠርዝ ላይ ከእጀታዋ ወደ ጫፏ ሳቡት። ጥጡ አለፈ። አገላበጡና ከጫፏ ወደ እጀታዋ ሳቡት። ጥጡ ቆመ። ሳብ ሲያደርጉት ከጠርዙ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ጥቂት ክሮች ቀሩ።

«ይኸው፣ ይይዛል» አሉ። «እንዝርትም እንዲህ ያደርጋል። በጣት ስትዳስሰው ምንም የለበትም፤ ክርህን ግን ይበጥሰዋል። እኛ በጥጥ ነው የምናየው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ክሮቹ የያዙበት ቦታ ጠርዙን ያጠፍኩበት መታጠፊያ ነበር። ብረቱ ሲታጠፍ ዓይን የማያየው እሾህ አውጥቶ ወደ እጀታው አጋድሏል። ሲገባ ምንም አይነካም፤ ሲወጣ ይይዛል። የፍየል ዓይን ሰፊ ስለሆነ የሌንሷ ክንድ እዚያ ድረስ አልደረሰም፤ በክረምቱ የሠራንላቸው ሰዎችም ያመለጡት በዕድል ነው። ሦስት ወር በማጉያ መነጽር ሳይ የከረምኩትን እሳቸው በማያይ ዓይን አገኙት።

«ከሁለት ወር በኋላ ሐኪም ይመጣል እማማ» አልኩ። «ከረጢት የማይፈልግ ሌላ ዓይነት ሌንስ አለ፤ ከፊት በኩል የሚቀመጥ። ቢመጡ ይሠራልዎታል።»

«አስባለሁ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ሚስት፣ «ለእንግዳው ጠላ ስጪው» አሉ። ድምፃቸው አልለዘበም። የእንግዳ ወግ ስለሆነ ብቻ ነበር። ጠጥቼ ተነሣሁ።

ሰኞ ጠዋት ለሲስተር ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ጥጡ ስትሰማ ዓይኗ በራ፤ ስለ ዝምታዬ ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ሦስት ወር ሙሉ ለምን አልነገርከኝም? ሕመምተኛዋ የእኔ ናት እኮ!»

በዚያው ቀን ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስባ፣ ከእንግዲህ ቀዶ ሕክምና ላይ የተበላሸ ነገር ካለ ለሕመምተኛው የምትናገረው ራሷ እንደሆነች አስታወቀች። እኔን ለብቻዬ አልወቀሰችኝም። ብዙ ሳምንት ግን እንደ ወትሮው «ሰዓት ሠሪው» ብላ አልጠራችኝም፤ በስሜ ነበር የምትጠራኝ፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

ምላሷን አዲስ አድርጌ ሠራኋት። ጠርዙን ማጠፍ ትቼ ከወፍራም ብረት እየፋቅሁ አወጣሁት፤ የሚታጠፍ ከሌለ የሚወጣ እሾህ የለም። እያንዳንዷን ዕቃ፣ ምላስም ወረንጦም፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጥጥ መፈተን የክሊኒኩ ልማድ ሆነ፤ ወዲህም ወዲያም። ከዚያም መልሰን በፍየል ዓይን፣ መልሰን ሐኪሙ ፊት። ሲስተር እስክትዛወር ድረስ ሠራችባት። በኋላ ከጨመርኳቸው ምላሶች ሁለቱን ሐኪሙ ወስዶ ለሌላ ቦታ ሰጠ፤ የት እንደደረሱ አላውቅም። ዛሬ ሌንሱ ራሱ የሚጠቀለል ሆኗል። መርፌ በመሰለ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ተጠቅልሎ በጠባብ ቀዳዳ ይገባና ውስጥ ሲደርስ ይዘረጋል። ቱቦው አንዴ ተሠርቶበት ይጣላል። የመጀመሪያውን ባየሁ ጊዜ ቀናሁ፤ ወዲያውም ይህን ያሰበው ሰው ከመድረሱ በፊት የማን ዓይን ላይ ተሳስቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሳይሳሳት የደረሰ አይመስለኝም። ብቻ ሄዶ ነግሯቸው ይሆን?

ሴትዮዋ መጡ። በየካቲት፣ ሐኪሙ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ነጭ ለብሰው በሩ ላይ ተቀመጡ። ሐኪሙ በቀኝ ዓይናቸው የፊቱን ሌንስ አስገባላቸው፤ ደኅና ሆነ። የግራው የሲስተር ተራ ነበር። ሊሠራላቸው ሲል ሲስተር ስለ ምላሷ ነገረቻቸው፤ እንደተስተካከለች፣ በጥጥ እንደምትፈተን፣ ያም የእሳቸው ትምህርት እንደሆነ።

«ደግ» አሉ። «ለሌላ ሰው ይሁንለት። የእኔ ግን በዚያ ዕቃ አይሆንም።»

በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ከፋኝ፤ አልዋሽም። ዕቃው ከተስተካከለ በኋላ ለምን? ብዬ ወደ ጄኔሬተሬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ገባኝ። ለእኔ የተስተካከለው ዕቃው ነው። እሳቸው የሚሰጡት ገና ያልተነካውን ዓይናቸውን ነበር። ሲስተር አልተከራከረችም፤ በወረንጦ፣ በብዙ ጥንቃቄ ሠራችላቸው።

በማግሥቱ የሁለቱም ዓይን ፋሻ ሲፈታ እኔም ነበርኩ። ሲስተር አንድ ጊዜ ጣቷን፣ አንድ ጊዜ ግድግዳውን፣ አንድ ጊዜ መስኮቱን እያሳየች ጠየቀቻቸው። ሁሉንም መለሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው ክፍሉን ሲያዩ እኔ ላይ ቆሙ።

«ይኼ ማነው?»

«የመብራቱ ነኝ እማማ» አልኩ። «ቤትዎ የመጣሁት።»

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «ድምፅህ የሽማግሌ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ጎልማሳ ነህ እኮ።»

ወደ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። የልጃቸው ሚስት እጃቸውን ልትይዝ ስትል እጃቸውን ነጠቁ። በየሁለት እርምጃው ይቆማሉ፤ የሱቅ ደጃፍ፣ የባጃጅ ቀለም፣ የሰው ጫማ ያያሉ። መሀል ላይ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆም አሉና በልጃቸው ሚስት ላይ ጮኹ።

«አንቺ! ይኼን ነው ታጥቦ ነጥቷል ያልሽኝ?»

ልጅቷ አፏን ይዛ ሳቀች። አውቶቡሱ ውስጥ ከመስኮት አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ እሳቸው ግን በመስታወቱ በኩል ከጣሪያ ላይ ጭነት የሚያስረውን ሰው ሲያዩ፣ ገመዱ በደንብ እንዳልተቋጠረ ሊነግሩት መስታወቱን ሲደበድቡ ተውኩት። አውቶቡሱ ተነሣ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።